ለአራተኛነት የተተከለ ድንኳን

ሙሚና በዓለም ሻምፒዮናው በአሥር ሺህ ሜትር አራተኛ በወጣች ማግስት የከሚሴ የአቀባበል ኮሚቴ አስቸኳይ ስብሰባ ተቀመጠ። ስብሰባው አስቸኳይ የሆነው ድንኳኑ በከተማው ሜዳ ላይ አስቀድሞ ተተክሎ ስለነበረ ነው። በሬውም ከሰንበቴ ገበያ ተገዝቶ፣ ከሜዳው ጥግ ባለው የመሠረት ድንጋይ ላይ ታስሯል። ድንጋዩ ከዓመታት በፊት ለሩጫ መም ማሠሪያ የተጣለ ነው። መሙ ባይሠራም ድንጋዩ ለበሬ ማሰሪያነት ተወዳዳሪ አልተገኘለትም።

«ወርቅ ይዛ ትመጣለች ብለን ነው ይኼን ሁሉ ያሰናዳነው። አሁን ምን ይዋጠን?» አለ አንዱ አባል።

ሰብሳቢው አቶ ሙህዲን ጉሮሯቸውን ጠረጉ። «ወንድሞች፣ ድንኳን ድንኳን ነው፤ ለሠርግም ለለቅሶም ያው ነው። በሬም እንደዚሁ፤ ለምን እንደሚታረድ ጠይቆ አያውቅም።»

ኮሚቴው ይህን ጥልቅ ሐሳብ ካዳመጠ በኋላ ስሙን ከአቀባበል ኮሚቴነት ወደ አጽናኝ ኮሚቴነት በሙሉ ድምፅ ለወጠ። ለአቀባበሉ በተሰቀለው ጨርቅ ላይ በትልቁ የተጻፈው «እንኳን ደስ አለሽ!» ባለበት ቀርቶ፣ ከሥሩ «አላህ ሶብሩን ይስጥሽ» የሚል ተጨመረበት።

ሙሚና ከዚህ ሁሉ የምታውቀው አልነበራትም። ከአዲስ አበባ በሚኒባስ ስትመጣ መንገዱን ሙሉ የመጨረሻው ዙር በዓይኗ ላይ ይመላለስባት ነበር። ሦስተኛ የወጣችው ልጅ ጀርባ፣ እጇን ብትዘረጋ የምትነካው ያህል ቅርብ ሆኖ ይታያታል። ከፍቷታል፤ በጣም ከፍቷታል። ሌላው ሰው ሐዘኑን በዓይኑ ያወጣል፣ እሷ ግን ከልጅነቷ ጀምሮ የምታወጣው በእግሯ ነው። ሮጣ ሮጣ ስትደክም ሆዷ ውስጥ የተቋጠረው ይፈታላታል። ለዚህ የሚሆናት ደግሞ ያ ሜዳ ብቻ ነው። በደሴ መንገድ ላይ ሲኖትራክ አለ፤ በጨፋ በኩል ማሽላው ደርሶ መሄጃ የለም። ከወር በኋላ ሌላ ውድድር አለባት፤ እዚያ ካልቀናት ከቡድኑ ትቀነሳለች። ስለዚህ ነገ ጎህ ሲቀድ ሜዳው ላይ ልትገኝ ቆርጣለች።

ዛሬውኑ ተገኘች። የኮሚቴው ሰዎች ከመናኸሪያ በባጃጅ አፍሰው በቀጥታ ሜዳው ላይ፣ ድንኳኑ በር ላይ አወረዷት። ወደ ውስጥ ብታይ ሰው ጢም ብሏል። በሐዘንተኛው ቦታ አቶ ሙህዲን ጋቢያቸውን ተከናንበው፣ አንገታቸውን ደፍተው ተቀምጠዋል፤ የሚገባው ሁሉ እጃቸውን እየጨበጠ ያልፋል። ሙሚና ለቅሶ መስሏት ደነገጠች፤ ያደገችበት ወግ ነውና ተሰልፋ እጃቸውን ጨበጠች።

«አላህ ሶብሩን ይስጥዎት፣ ጋሼ።»

«አሚን፣ አሚን» አሉ አቶ ሙህዲን። ቀና ሲሉ እሷ ናት። ትንሽ ፈቀቅ ብለው ከጎናቸው ቦታ ለቀቁላት።

«ማን ሞቶ ነው?» አለች በሹክሹክታ።

«ምን ማለትሽ ነው? አራተኛ የወጣሽው አንቺ አይደለሽም እንዴ?»

ከዚያ ካሚል ተነሣ። ካሚል የኮሚቴው የስሜት አያያዝ ባለሙያ ነው። ደሴ ድረስ ሄዶ ሠልጥኗል። ሥልጠናው የተዘጋጀው ለዶሮ አርቢዎች ነበር፤ ነገር ግን ዶሮም ትደነግጣለች።

«ሐዘን አምስት ደረጃ አለው» አለ ካሚል። «አንቺ ስንተኛው ላይ ነሽ?»

«አራተኛ ነኝ ብዬ ነው የመጣሁት።»

«ማሻአላህ! አንድ ብቻ ነው የሚቀርሽ።»

አንድ ሽማግሌ፣ ሼህ ዑመር፣ ምርኩዛቸውን ተደግፈው ተነሡ። «አካም ጅርታ፣ ደህና ነሽ ልጄ? እኔ ሩጫ አላውቅም። ግን ከዓለም አራተኛ ማለት፣ ሦስት ሰው ብቻ ቀድሞሽ ያ ሁሉ ዱንያ ከኋላሽ ቀረ ማለት አይደለም?»

ሙሚና ካገሯ ከወጣች ወዲህ ለመጀመሪያ ጊዜ ፈገግ አለች። አቶ ሙህዲን ግን እጃቸውን አነሡ። «ሼኪ፣ ይቅርታ። ይህ የማጽናኛ መድረክ ነው። እባክዎ ከመርሃ ግብሩ ውጪ አያጽናኑ።»

ሽማግሌው ተቀመጡ። ሙሚና ዕድል አገኘሁ ብላ ጠየቀች፤ «ጋሼ፣ ሜዳው መቼ ይለቀቃል? ልምምድ ልጀምር ነበር።»

«ሐዘንተኛ ይሮጣል?» አሉ አቶ ሙህዲን። «አገር ምን ይላል? ድንኳኑ የሚነሣው ሐዘኑ ሲያበቃ ነው። ሐዘኑ የሚያበቃው ደግሞ ሲወጣልሽ ነው።»

«እንደወጣልኝ በምን ይታወቃል?»

«በእንባ ነዋ! ካሜራ አዘጋጅተናል።»

ሙሚና እንባ አልመጣላትም። በመጀመሪያው ቀን አልመጣም፤ በማግስቱም አልመጣም። በሬው ታረደ፣ ተበላ፤ ጫቱ ቀረበ፣ ዱዓው ተደረገ፤ ንግግር በንግግር ላይ ተደረበ። ሰው ሁሉ ፊቷን ያያል። አቶ ሙህዲን ግን ከማንም በላይ ተጎድተው ነበር።

«እንቅልፍ በዓይኔ ከዞረ ስንት ቀኔ!» አሉና አለቀሱ። «ከወርቅሽ ጎን ቆሜ ፎቶ የምነሣበትን ሱፍ አሰፍቼ ነበር። ቤተሰቤ አይቶኛል፤ ጎረቤት አይቶኛል። አሁን ምን ብዬ ልልበሰው?»

«አብሽሩ ጋሼ» አለች ሙሚና፤ ምን ታድርግ። «ለሚቀጥለው ኢንሻአላህ ይለብሱታል።»

ካሜራው ይህን ቀረጸ። ዜናው ላይ «ኮሚቴው አትሌቷን ሲያጽናና» ተብሎ ወጣ።

በሦስተኛው ቀን ትዕግሥቷ አልቆ ጎህ ሳይቀድ አስፋልቱ ላይ ወጣች። ገና እግሯን ሳታፍታታ አንድ ሲኖትራክ ጥሩምባውን እያምባረቀ ወደ ቦይ ገፈተራት። ከቦዩ ያወጣት በባጃጅ ሲከታተላት የነበረ የኮሚቴው አባል ነው። «ሐዘንተኛ በአስፋልት ላይ! ያ ረቢ!» እያለ ጭኖ ወደ ድንኳኑ መለሳት።

ማታ እናቷ ሀዲጃ የተላጠ ጉልበቷን እያጠቡላት፣ «ኢንተለ ኮ፣ ልጄ» አሉ፣ «ሁለት ጠብታ አልቅሺላቸውና ይገላግሉን። ሽንኩርት እንዳልከትፍልሽ ሽንኩርቱን ሁሉ ለወጡ ጨርሰውታል።»

«እምቢ አለኝ እኮ እማ። ልሮጥ ብቻ ነው የምፈልገው።»

«አውቃለሁ» አሉ ሀዲጃ። «ስትወለጂም አላለቀስሽም፤ እግርሽን ነው ያወራጨሽው።»

በማጽናኛው መርሃ ግብር መዝጊያ ቀን ከበላይ አካል እንግዳ መጡ። አቶ ሙህዲን ያንን ሱፍ ለብሰዋል፤ እንደምንም ምክንያት ተገኝቶለታል። ድምፅ ማጉያውን ያዙ።

«ክቡራን እንግዶች! ከዚህ መሪር አጋጣሚ ትልቅ ትምህርት ወስደናል። አትሌቶቻችን ወደፊትም ይሸነፋሉ። ያን ጊዜ በድንኳን መቸገር የለብንም። ስለዚህ በዚሁ ሜዳ ላይ ዘመናዊ የአትሌቶች ማጽናኛ አዳራሽ ይገነባል! ሜዳው ከዛሬ ጀምሮ ይታጠራል!»

ጭብጨባው ድንኳኑን አናጋው። እንግዳውም የመሠረት ድንጋዩን እንዲያስቀምጡ ተጋበዙ። ድንጋዩ አዲስ አልነበረም። ያው የመሙ ድንጋይ ከበሬው ገመድ ተፈትቶ፣ ተገልብጦ፣ በጀርባው ተጽፎበታል። ለቁጠባ ነው።

ሙሚና ድንጋዩን አየች። ዞር ብላ ሜዳውን አየች፤ በልጅነቷ በባዶ ሆዷ የዞረችበትን፣ ሣሩ በእሷ እግር ብቻ የተላጨበትን ቀጭን መስመር አየች። ካስማ የያዙ ሰዎች መስመሩ ላይ ጉድጓድ መቆፈር ጀምረዋል። ያኔ መሬት ላይ ቁጭ አለችና ጮኻ፣ ደረቷን እየደቃች፣ እንደ ሕፃን አለቀሰች።

«አምስተኛው ደረጃ!» ብሎ ካሚል ዘለለ። «ወጣላት! ወጣላት!»

ካሜራው ተሯሯጠ፤ እንግዳው አጨበጨቡ፤ አጽናኝ ኮሚቴው እርስ በርሱ ተቃቀፈ። ሀዲጃ ብቻ ሰዉን በክርናቸው እየገፉ ወደ ልጃቸው ይሄዳሉ።

አቶ ሙህዲን የሱፋቸውን ቁልፍ እየቆለፉ ወደ እንግዳው ጠጋ አሉና፣ «አላልኩዎትም ክቡርነትዎ?» አሉ። «አዳራሹ ገና ሳይሠራ ሥራ ጀመረ።»