ከተራራ የወረደው ሽንኩርት

(የእጽዋት ጥናት ቢሮ። ዶክተሩ ወንበር ላይ ቆሞ ግድግዳው ላይ ባለው ካርታ ላይ ቀይ ስፒል ይሰካል። አዛውንቱ አትክልተኛ ወንበሩን ይዘውለታል።)

ዶክተር፦ አባባ፣ አጥብቀው ይያዙት አልኩ እኮ።

አትክልተኛ፦ ይዣለሁ። የሚንቀጠቀጡት እርስዎ ነዎት።

ዶክተር፦ ታዲያ አልንቀጠቀጥ? አሁን ኃላፊው ይመጣል። «ይህ የዱር ሽንኩርት ከተራራው አናት ሌላ የትም አይበቅልም» እያለ ሦስት ዓመት ሲስቅብኝ ኖረ። ዛሬ ካርታዬን አይቶ አፉን ይዞ ካልቀረ፣ እኔ ወደ መጋዘን ተመልሼ ስም ለጣፊ መሆኔ ነው።

አትክልተኛ፦ ለመሆኑ ሽንኩርቱ ምን ቆርጦት ወረደ?

ዶክተር፦ ክልሉን እያሰፋ ነዋ። ይኸው፣ ምንጩ ዳር፣ ድልድዩ፣ አውቶቡስ ፌርማታው...

አትክልተኛ፦ ፌርማታ ምን ይሠራል? ሊሳፈር ነው?

ዶክተር፦ (በትዕግሥት) አባባ፣ ዕፅዋት አይሳፈሩም። ነፋስ ነው የሚያመጣቸው።

አትክልተኛ፦ ነፋሱም እንደ ሰው ያርፋል ማለት ነው። ምንጩ ዳር እርስዎ ምሳ የሚበሉበት ድንጋይ አለ አይደል?

ዶክተር፦ አጋጣሚ ነው። በሳይንስ አይግቡብኝ።

አትክልተኛ፦ አልገባም። ከፌርማታው ወዲህስ?

ዶክተር፦ የቢሯችን በር፣ ከዚያ ኮሪደሩ ላይ ያለው የአበባ ማስቀመጫ፣ ከዚያ... (ድምፁን ዝቅ አድርጎ) ትናንት የገዛ ቤቴ ደጃፍ በቅሎ አገኘሁት። ሚስቴ «ይሄ ነገር ይወድሃል» አለችኝ።

አትክልተኛ፦ ከቤትዎ ወዲያስ?

ዶክተር፦ የለም። የተፈጥሮ ድንበሩ እዚያ ጋ ያበቃል።

አትክልተኛ፦ እውነት ነው፣ ከትከሻዎ የሚያወርዱት እዚያ ነው።

ዶክተር፦ ምኑን?

አትክልተኛ፦ (ዶክተሩ ከተራራው ናሙና የሚያመጣበትን ቦርሳ ከወለሉ አንስተው፣ ጣታቸውን ከታች ባለው ቀዳዳ አውጥተው እያወዛወዙ) ይቺን።

(ከቦርሳው አንዲት የሽንኩርት ራስ ወድቃ እስከ በሩ ትንከባለላለች። ዶክተሩ ወንበሩ ላይ ቁጭ ይላል።)

ዶክተር፦ ሦስት ዓመት ሙሉ እያዩ ዝም አሉኝ?

አትክልተኛ፦ እኔማ አውቀው የሚዘሩ መስሎኝ ነው። እስከ ፌርማታው ድረስ እየሄድኩ ውሃ የማጠጣው ማን ሆነና?

(በሩ ይንኳኳል።)

ዶክተር፦ ጉዴ ፈላ። አባባ፣ ካርታውን ቶሎ ያውርዱልኝ።

አትክልተኛ፦ ምን በወጣው ይወርዳል? «የዱር ሽንኩርት» የሚለውን ይሰርዙና የራስዎን ስም ይጻፉበት። የእርስዎ ክልል ነው ካሉ አንድም ስፒል አልተሳሳተም።