«ልፉ» ያለው ሰውዬ

ካርቱም ውስጥ ሐበሻ ባለበት ሰፈር ሁሉ፣ ማንም ያልሾማት አንዲት አስተርጓሚ አትጠፋም። ሐኪም ቤት ተከትላሽ ትገባለች፤ ሱቅ ደጃፍ ላይ ትደርስብሻለች፤ ከአረቡ ጋር ስታወሪ ነገሩን ካፍሽ ነጥቃ እሷ ትመልሳለች። ከተባለው ግማሹን አልሰማችም፣ ከሰማችው ግማሹ አልገባትም፤ የጎደለውን ከራሷ ትሞላዋለች። ስንቅነሽ እንዲህ ያሉትን ብዙ አይታለች። ክብርት አስተርጓሚ ሉጥፊያን የምታክል ግን አላየችም። ዛሬ ፀጉሯ ሸብቶ እንኳ ያ ነገር ሲነሣ ደሟ ይፈላል።

ሉጥፊያ ከወሎ ካርቱም የገባችው ከስንቅነሽ በጥቂት ሳምንት ቀድማ ነው። ሹመቷም የመጣው ከዚያ ነው። መጀመሪያ አብረው በሠሩበት ቤት፣ የቤቱ እመቤት ሐጃዋ ከፀሐይ ገብታ ስንቅነሽን «ሞያ፣ ሞያ» ብትላት፣ ሉጥፊያ ከበሩ ኋላ ሆና ሞያሽን እየጠየቀችሽ ነው፣ ንገሪያት አለቻት። ስንቅነሽ ጣቷን እየቆጠረች ዶሮ ወጥ፣ አልጫ፣ ድፎ ዳቦ እያለች ስትዘረዝር፣ ሴትዮዋ በጥም ልትወድቅ ደረሰች። ለካ ሞያ በነሱ ቋንቋ ውሃ ኖሯል። ሉጥፊያ ግን ዓይኗን አልሰበረችም።

«ቃሉ ሁለት ትርጉም አለው» አለች።

ልብስ ሰፊው ዘንድም ለስንቅነሽ «ቀሚስ» ብላ ያዘዘችላት እሷው ናት። ለሠርግ ብላ የጠበቀችው ቀሚስ፣ ደረቱ ላይ ኪስ ያለው የወንድ ሸሚዝ ሆኖ መጣ፤ ለካ በነሱ ቋንቋ ቀሚስ ሸሚዝ ነው። ሸሚዙን የስንቅነሽ ባል ተድላ ለበሰው። አሁንም ሁለት ትርጉም ነበረው።

በሁለት ሺዎቹ መጀመሪያ ሁለቱም ከሚኖሩበት ካላክላ እየተመላለሱ አርካዊት ሰፈር አንድ ፈረንጅ ቤት ይሠሩ ነበር፤ ስንቅነሽ ወጥ ቤት፣ ሉጥፊያ ጽዳት። ፈረንጁና ጓደኞቹ ብርዱ ሲመጣ ከከተማ ወጣ ብሎ ካለ አንድ ተራራ፣ ጀበል ከሚሉት፣ ሥር በተራራ ብስክሌት ይሽቀዳደማሉ። በዚያ ዓመት ለየቤቱ ሴት ሠራተኞችም አንድ ዙር ተጨመረ። ሁለት ሁለት ሆነው ይነዳሉ፣ ጎማ ለጎማ ካልገቡ አይቆጠርም፣ ያሸነፉት የነዱትን ብስክሌት ይዘው ይሄዳሉ።

ስንቅነሽ ያቺን ብስክሌት የፈለገቻት ለተድላ ነው። ተድላ ቀለም ቀቢ ነው። የከተማው አውቶቡስ፣ የሀፍላው ረዳት፣ ኩምሳሪ የሚሉት፣ የቀለም ባልዲ ሲያይ መቀመጫ ያበላሽብኛል ብሎ ስለማያሳፍረው፣ ከካላክላ መሐል ከተማ ድረስ በእግሩ ይሄዳል። ማታ ጫማውን ሲያወልቅ ካልሲው ከቁስሉ ጋር ይላቀቃል።

ስለዚህ ተለማመዱ። ግቢው ውስጥ የኒሙን ዛፍ እየዞሩ ወደቁ፣ ተነሡ። ሉጥፊያ አጥሩን ገጭታ ስትነሣ እንኳ አስተማሪ ናት፤ ጥፋቱ የፍሬኑ ነበር።

የውድድሩ ዕለት ሁሉንም ጥለው መሩ። ስንቅነሽ በሕይወቷ ከሰው ቀድማ የሄደችበት ቀን ቢኖር ያ ነው። ጀበሉ ሥር ሲደርሱ ቀይ ጨርቅ የያዘ ሰውዬ እጁን እያወናጨፈ «ልፉ፣ ልፉ» ብሎ ጮኸ።

«ሰማሽ፣ ያገራችን ሰው ነው» አለች ሉጥፊያ። «ልፉ እያለን ነው።»

ስንቅነሽ መንገዱ ወደ ግራ ሲታጠፍ በዓይኗ እያየች ነው። «መንገዱ እኮ በዚህ ነው።»

«ወላሂ ወሎዬ ነው፣ ፊቱን አታዪም? ለልፋት ካልሆነ የተራራ ብስክሌት ለምን ተባለ? ያላ!»

ብላም ሽቅብ ወደ ድንጋዩ ነዳችው። ብቻዋን ብትታጠፍ አይቆጠርላትም፤ ስንቅነሽ እየተራገመች ተከተለቻት። ሰውዬው ልፉ እያለ ከኋላቸው ይሮጥ ጀመር። እሱ በጮኸ ቁጥር ሉጥፊያ ትበረታለች፤ ምን ያለ ደግ ሰው ነው ብላ እጇን እያወዛወዘች አመሰገነችው። ከታች ሌሎቹ ጥንድ ጥንድ እየሆኑ ወደ ግራ ታጠፉ። ኮረቱ ጎማውን እምቢ ሲል ብስክሌቱን ተሸክመው ወጡ። ጫፉ ላይ ከፍየል በቀር ማንም አልነበረም።

ሰውዬው እያለከለከ ደረሰ። የስንቅነሽን ብስክሌት መሪ ይዞ ወደ ግራ ጠመዘዘውና፣ ለሕፃን እንደሚነገር ቀስ አድርጎ «ልፉ» አላቸው። ከታች የጭብጨባ ድምፅ መጣ። ሌሎች ገብተዋል።

«አንቺ ሴትዮ፣ ታጠፉ ነው ያለን» አለች ስንቅነሽ። «የተድላን እግር ነው የበላሽው።»

ሉጥፊያ አቧራዋን አራገፈች። «ሁለት ትርጉም አለው። ደግሞስ አልለፋንም?»

ከዚያን ቀን ጀምሮ ስንቅነሽ አኮረፈቻት። ክብርት አስተርጓሚ ዝምታዋንም ተረጎመችው፤ ለፈረንጁ ጥርሷን አሟት ነው አለችው።

ትንሽ ሰንበት ብሎ ተድላ እግሩ ሳይቆስል መግባት ጀመረ። ስንቅነሽ ምን ተገኘ ብትለው ሳቀ። ለካ ሉጥፊያ ጠዋት ጠዋት ሀፍላ ማቆሚያው ላይ ትጠብቀዋለች። ነጩን ቀለም ከነባልዲው ጭኗ ላይ አድርጋ፣ እንደ ሱዳን ሴቶች በተጠቀለለችው ሰፊ ጨርቅ፣ በቶቧ ትሸፍነዋለች። ኩምሳሪው ምንድነው ሲላት «ሮብ» ትለዋለች፤ በነሱ ቋንቋ እርጎ መሆኑ ነው። ጎንበስ ብሎ ላሽትት ካለ፣ የሠርግ እርጎ ልታበላሽብኝ ነው ብላ ሀፍላውን በጩኸት ታናውጠዋለች።

ስንቅነሽ ይሄን ሰምታ ይብሱን ተናደደች። ውሸት አትወድም። ደግሞስ ይሄን ሁሉ ከምታደርግ አንዲት ይቅርታ ብትል ምን ነበረበት? ይቅርታ የሌለበት ምን ዓይነት ቋንቋ ነው የምታውቀው?

በማግስቱ ከተድላ ጋር ማቆሚያው ድረስ ሄደች። ሥራው በዝቶ ባልዲው ሁለት ነበር። ሉጥፊያ አንዱን ተቀብላ ሀፍላው ውስጥ አቅፋው ተቀመጠች። ስንቅነሽ ሰላም ሳትላት ሁለተኛውን አንሥታ አጠገቧ ተቀመጠች። ኩምሳሪው መጣና ባልዲዎቹ ላይ አፈጠጠ። ሉጥፊያ አፏን ስትከፍት ስንቅነሽ ቀደመቻት።

«ሮብ» አለችው፣ ፊቷን አኮሳትራ።

ኩምሳሪው አለፈ። ሉጥፊያ ወደ ጆሮዋ ጠጋ ብላ፣ «አነጋገርሽ ልክ አይደለም፤ ረዘም ተደርጎ ነው የሚባለው» አለቻት።

የስንቅነሽ ደም እንደገና ፈላ። ባልዲውን ግን አለቀቀችም። ደግሞም አልዋሸችም፤ ቀኑ ሮብ ነበር።