የዶክተር ፔንድልበሪ መጥረጊያ

በእንግሊዝ አገር ጣሪያው የሚከፈት መኪና ያለው ሰው ሁለት ነገር አያጣም፤ ዝናብና መካሪ። ዝናቡ አንዳንዴ እንኳ ያባራል።

መካሪው የሚብሰው ቅዳሜ መኪናህን ይዘህ ወደ መንጃ ሜዳ የወጣህ ቀን ነው። የመንጃ ቀን እሽቅድምድም አይደለም፤ ዋንጫ የለውም፣ አንደኛ የሚወጣም የለም። ሳምንቱን ቢሮ የዋለ ሰው የገዛ መኪናውን ይዞ ይመጣና፣ ፖሊስም ከፊት የሚመጣም በሌለበት፣ ነፍሱ እስክትረካ ይነዳል፤ በቃ። እኛ የምንሄደው ሊንከንሽር ውስጥ፣ ድሮ የጦር አውሮፕላን ማረፊያ ወደነበረ ሜዳ ነው። አውሮፕላኖቹ ሄደዋል፤ ነፋሱ ግን አሁንም አለ።

እንዲህ ባለ ሜዳ ሁሉ አንድ እንጨት የያዘ ሰው አለ። ኖርፎክ ብትሄድ አለ፤ ዌልስ ብትሄድ እሱን የሚመስል አለ። የእኛው ክቡር ዶክተር ክላይቭ ፔንድልበሪ ይባላሉ። ጡረታ የወጡ የጥርስ ሐኪም ናቸው፤ በሌሉበት ደግሞ «ሊቀ እንጨት» እንላቸዋለን።

እንጨቱ የመጥረጊያ እጀታ ነው። መጥረጊያው ራሱ ቤት ቀርቷል። ባለቤታቸው ወይዘሮ ዊኒፍሬድ ሌላ መጥረጊያ ቢገዙ የዚያም እጀታ «መለዋወጫ ያስፈልጋል» ተብሎ ተወሰደ። አሁን ወጥ ቤታቸውን የሚያጸዱት በኤሌክትሪክ መጥረጊያ ነው። ያም ቢሆን የተረፈው እጀታው አጭር ስለሆነ ነው።

እኔ፣ ሂዩ፣ ከዶክተሩ ጋር የተዋወቅኩት በጭንቅላቴ ነው። ቁመቴ እንደ ስልክ እንጨት፣ መኪናዬ ሁለት ሰው ብቻ የምትይዝ አረንጓዴ ሚጢጢ። ያን ሰሞን አዲስ ማርሚታ፣ ማለትም የጭስ ማውጫ፣ አስገጥሜላት ስነሳ የሰፈሩ ውሻ በሙሉ ይጮህ ነበር። አንድ ሰው መጥቶ ማርሚታዬን እስኪያደንቅ ቆሜ ስጠብቅ፣ ነጭ ጢም ያላቸው ሽማግሌ ከተፍ አሉና፣ ወደ ማርሚታው ዞር ሳይሉ፣ «ሄልሜትህን አጥልቅና ግባ» አሉኝ።

«ለምን?»

«አያምም። ግባ።»

ገባሁ። በዚያ ድምፅ «አያምም» ከተባልክ አፍህንም ትከፍታለህ። የእንጨቱን አንድ ጫፍ በፊት መስታወቱ ክፈፍ ላይ አስደግፈው፣ ሌላውን ከወንበሬ ጀርባ ባለው የብረት ቅስት ላይ ሊያሳርፉ ሞከሩ። አላረፈም። መሐል ላይ እኔ ነበርኩ።

«ነገሩ ቀላል ነው» አሉ። «መኪናው ከተገለበጠ መሬቱ የሚመጣው እስከዚህ እንጨት ድረስ ነው። ከእንጨቱ በታች ያለ ይተርፋል። ከእንጨቱ በላይ ያለ ደግሞ…» ሄልሜቴን በጣታቸው መታ መታ አደረጉት። «ወዳጄ፣ አንተ አሁን የመኪናህ ጣሪያ ነህ።»

«ማርሚታውን ግን ሰምተውታል?»

«ሰምቼዋለሁ። ለቀብርህ ጥሩ ያጅባል።»

ያን ቀን ሳልነዳ ተመለስኩ። ጭንቅላቱ ከእንጨቱ በላይ የሆነ አይነዳም የሚለው ሕግ የሜዳው አዘጋጆች ነው፤ ሊቀ እንጨት ግን ከአዘጋጆቹ ቀድመው ይደርሱብሃል። ከዚያ ወዲያ ትምህርቴ ተጀመረ። ረዘም ያለ ቅስት አስገጠምኩ። ወንበሬን ወለሉ ድረስ አስወረድኩ፤ የተሳፋሪውንም ጭምር፣ «እንግዳ ጭንቅላት የለውም?» ተብዬ። ቅስቱ ላይ ደግሞ ጠንካራ ስፖንጅ አስጠቀለሉኝ፤ ጭንቅላቴ ቢጋጭ ብረቱ ራሱ እንዳይገድለኝ።

«ለምን ከፍሬኑ አልጀመርንም?» አልኳቸው አንድ ቀን። በእርግጥም ገርሞኝ ነበር። «ፍሬኑ ጥሩ ከሆነ መጀመሪያውኑ አልገለበጥም እኮ።»

«ፍሬን የሚያድንህ ካልተሳሳትክ ነው። ቅስት የሚያድንህ ከተሳሳትክ በኋላ ነው። አንተን ደግሞ መኪና ስታቆም አይቼሃለሁ።»

ቀጥሎ የፍሬን ዘይት፣ ቀጥሎ የፍሬን ሸራ፣ ቀጥሎ ጎማ። «ሞተሩስ?» ባልኩ ቁጥር መልሳቸው አንድ ነው። «መጀመሪያ ጭንቅላት። የፈረስ ጉልበት የትም አይሄድም።»

እኔ ብቻ አይደለሁም መከረኛው። ዳቦ ጋጋሪው ዴዝሞንድ ከወንበሩ ጀርባ የሚያብረቀርቅ ቅስት አስገጥሞ ብቅ አለ። ዶክተሩ እንደሚነቃነቅ ጥርስ በሁለት ጣት ይዘው ወዘወዙት፤ እሱም ተወዘወዘ። «ያምራል» አሉት። «ፎጣ ይሰጣበታል።» ዴዝሞንድ ለሳምንታት አኮረፈ። ከዚያ እውነተኛውን ቅስት አስበየደና፣ የድሮውን መታጠቢያ ቤቱ ውስጥ ሰቅሎ በላዩ ላይ ፎጣ አሰጣበት። አንዲት ጠበቃ ደግሞ «እኔ ጣሪያውን ዘግቼ ነው የምነዳው፤ ምን አገባዎት?» ብላ ልታፈጥባቸው ሞከረች። «ጣሪያሽ ጨርቅ ነው እመቤቴ» አሏት በትሕትና። «ዣንጥላ ይዘሽ ከፎቅ ትዘያለሽ?» ይህችኛዋ ጠበቃ ፍርድ ቤት ተሸንፋ አታውቅም ይባላል።

የእኔ ነገር ሆኖ፣ እየቆየሁ ስሄድ ከእንጨቱ ይልቅ ሰውዬው ያብሰለስሉኝ ጀመር። አንድ ሰው ቅዳሜውን ሙሉ የማያውቀውን ሰው ጭንቅላት ሲለካ የሚውለው ምን ቢደርስበት ነው? በሻይ ቤቱ የማይወራ አልነበረም። አንዱ ወንድማቸው ተገልብጦ ሞቷል አለ። ሌላው የለም፣ ራሳቸው ናቸው፣ ጥርሳቸውን ያየህ እንደሆነ የእሳቸው አይደለም አለ። ዴዝሞንድ ሴት አለችበት ብሎ ድርቅ አለ፤ ዴዝሞንድ ሁሉም ነገር ውስጥ ሴት አለችበት ባይ ነው። ደፍሮ የጠየቃቸው ግን አልነበረም፤ ሊጠይቃቸው የቀረበ ሁሉ ሄልሜት አድርግና ግባ ስለሚባል።

በዚያ መሐል ዶክተሩ የዳሌ አጥንታቸውን በቀዶ ሕክምና አስቀየሩ። የብርዱን ወራት ሙሉ አላየናቸውም። በፀደይ የመጀመሪያው ቅዳሜ አሮጌዋን ግራጫ መኪናቸውን ይዘው፣ ከዘራ በአንድ እጅ፣ እንጨቱ በሌላው፣ ከች አሉ። ሰው ሁሉ አጉረመረመ፤ ሰው ሁሉ ደግሞ ፈገግ ብሎ ነበር። እየዞሩ ሁላችንንም ለክተው ሲያበቁ እንጨቱን ለእኔ አስረከቡኝና የራሳቸው መኪና ውስጥ ቀስ ብለው ገቡ።

ወይዘሮ ዊኒፍሬድ ከአጠገቤ ቆመው የአሳማ ሥጋ የገባበት ዳቦ ይበላሉ። ዛሬ ካልጠየቅኩ መቼ ልጠይቅ ነው ብዬ፣ «ወይዘሮ ዊኒፍሬድ፣ ይቅርታ ያድርጉልኝና፣ ማን ነው የሞተው?» አልኳቸው።

«የት?»

«ማለቴ… እንጨቱ። ዶክተሩ እንዲህ የሆኑት ማን ሞቶባቸው ነው?»

ሳቃቸው ዳቦውን ሊያስጥላቸው ነበር። «ማንም አልሞተም፣ ሂዩ! ክላይቭ ዕድሜውን ሙሉ ጥርስ ሐኪም ነበር። ሰው ደግሞ ጥርስ ሐኪም ጋ የሚሄደው መቼ ነው? ካመመው በኋላ! ማታ ማታ ቤት ሲገባ ‹ምነው ባለፈው ዓመት በመጣ ኖሮ› እያለ ሲንገበገብ ነው የኖረው። እዚህ ግን ሳያማችሁ በፊት ያገኛችኋል። ደስታውን ብታይ።»

ይህን ያህል ዘመን የሟች ስም ስፈልግ፣ መልሱ ይህ ነበር።

«ደግሞ ዛሬን እንዴት እንደጠበቃት!» ቀጠሉ። «ጋራዥ ውስጥ ሄልሜቱን አጥልቆ መኪናው ላይ ይቀመጣል። ሻይ ስወስድለት ‹ቆይ፣ ኩርባ ላይ ነኝ› ይለኛል። ዳሌው ግን ወንበሩን አልችል ብሎት ነበር። ግድ የለም፣ እኔው ወፈር ያለ ትራስ ሰፍቼለታለሁ፤ አሁን ተመችቶታል።»

ትራስ። ቀና ብዬ ወደ ግራጫዋ መኪና አየሁ። አምና ዶክተሩ እዚያ ወንበር ውስጥ ሲሰምጡ ሄልሜታቸው እንኳ በመከራ ነበር የሚታየው። ዛሬ አንገታቸው ይታያል። እንጨቱ ደግሞ በእኔ እጅ ነው።

ዝም ብል ማንም አያውቅም። የፍርድ ቤቱን ዳኛ ማን ይከሰዋል? ወራት ሙሉ ጋራዥ ውስጥ የጠበቋትን ቀን ልቀማቸው ነው፤ ያውም በገዛ መጥረጊያቸው። ብናገር ቀናቸውን ላበላሽባቸው፣ ባልናገር ምናልባት እሳቸውን ላጣ ነው። ሞተራቸውን አስነስተዋል። ሄድኩ።

«ዶክተር፣ አንዴ ሞተሩን ያጥፉልኝ።»

«ምን ሆነ?»

«አያምም» አልኳቸው።

እንጨቱን ከመስታወቱ ክፈፍ ወደ ቅስቱ ዘረጋሁት። አላረፈም። ሄልሜታቸው ላይ ተቀምጦ እንደ ሚዛን ይወዛወዝ ጀመር። ዴዝሞንድና ጠበቃዋ ቀርበው ነበር፤ ይህን ቀን የተመኙ ሰዎች ናቸው፣ አንዳቸውም ግን አልሳቁም። ዶክተሩ እጃቸውን ወደ ታች ሰደው ትራሱን ዳሰሱት።

«ውሸታም» አሉኝ ቀስ ብለው። «እኔም ዕድሜዬን ሙሉ እንዲህ ስል ኖሬያለሁ። ሁልጊዜም ያማል።»

ትራሱን አውጥተው ያለሱ ለመቀመጥ ሞከሩ። ፊታቸው ተጨማደደ። ሳይባሉ ራሳቸው ቁልፉን ነቀሉና ወጡ። ሰው አብዝቶ የሚሰብከው ሕግ ራሱ ላይ ሲደርስ ምን እንደሚያደርግ ለማየት ሁልጊዜ እጓጓለሁ፤ ብዙውን ጊዜ ሰበብ ያበዛል። እሳቸው ከዘራቸውን ብቻ ነው የጠየቁኝ።

«እኔ ጋ ይምጡ» አልኳቸው። «የተሳፋሪ ወንበሬን ወለል ድረስ ያስወረደኝ ማን ሆነና?»

ትራሳቸውን ይዘው በእኔዋ ሚጢጢ ውስጥ ገቡ። እንጨቱን ዴዝሞንድ ያዘው። ክፈፉ ላይ አረፈ፤ ቅስቱም ላይ አረፈ። ከሥሩ አንድ ጣት ያልፋል። «ድገመው» አሉት ዶክተሩ። ደገመው። «ጥሩ። ወደፊት ሐኪም ይወጣሃል።»

ወደ ሜዳው ገባን። የመጀመሪያውን ኩርባ በዝግታ ዞርኩ፤ ሁለተኛውንም። ጠበቃዋ አለፈችን። ዴዝሞንድ አለፈን፤ እጁንም አወዛወዘልን። ዶክተሩ ወደ እኔ ዞሩ።

«ምንድን ነው ነገሩ? ሬሳ ጭነሃል እንዴ?»

«እርስዎን ይዤ እኮ ነው!» ብዬ ጮህኩ። እውነቱን ነበር የነገርኳቸው፤ ያንን ነጭ ጢም በጣም እወደዋለሁ፣ እስከዚያ ቅጽበት ድረስ ግን መውደዴን አላውቅም ነበር።

ዶክተሩ በእጃቸው ከጭንቅላታቸው በላይ ያለውን ባዶ ቦታ፣ ያቺን አንድ ጣት የምታህል ነፋስ፣ ዳሰሷት።

«ተለክቷል እኮ!» አሉ። «ለምን የለካን መሰለህ? ንዳው!»

ነዳሁት። ከማርሚታዬ ድምፅ በላይ የሳቸው ሳቅ ይሰማኝ ነበር።