ኦክቴን መጨመሪያዋና የማንኩሳው ዳገት

ዛሬ ያየሁትን ጉድ ሌላ ሰው ቢያወራኝ «ቀጥፈሃል» ብዬ አልፈው ነበር። የደረሰው ግን በራሴ ላይ ነው። በገዛ መኪናዬ፣ በለቅሶ መንገድ፣ የእድር ሴቶች እያዩ!

ከመጀመሪያው ልነሣ።

በቅርቡ እዚሁ ፌስቡክ ላይ ስለ ኦክቴን መጨመሪያ የጻፍኩትን ታስታውሳላችሁ። ቤንዚን ውስጥ ስለምትጨመረው፣ የሞተር ማንኳኳት ታስቆማለች ስለምትባለው ትንሽ ጠርሙስ። «ሞክሬ አይቻታለሁ፤ ትሠራለች» ብዬ ነበር። በዕድሜዬ እንደዚያ ያለ ላይክ አግኝቼ አላውቅም።

ሼር ያደረጋችሁ ይቅር በሉኝ።

ፍኖተ ሰላም ውስጥ ባሏ ትቶላት ያለፈውን አሮጌ ዲኤክስ መኪና የምትነዳ ባልቴት እኔ ብቻ ሳልሆን አልቀርም። ስለዚህ የእድራችንን ድስትና ሳህን የማመላልሰው እኔ ነኝ። ዕቃ ጠባቂዋም እኔው ነኝ። ጡረታ እስክወጣ ንብረት ክፍል ስለሠራሁ፣ ከእሷ እጅ ማንኪያ አይጠፋም ተብሎ የተሰጠኝ ሹመት ነው።

ይህን ሹመት ልብ በሉልኝ።

ከፋሲካ ወዲህ መኪናዬ ማንኳኳት ጀመረች። ሜዳ ላይ ደህና ናት። ዳገት ስትይዝ፣ ቋ፣ ቋ፣ ቋ።

እኔ ሳላነብ የምናገር ሰው አይደለሁም። አነበብኩ። ኦክቴኑ ዝቅ ያለ ቤንዚን ሞተሩ ሸክም ሲበዛበት፣ በተለይ ዳገት ላይ፣ ያለ ጊዜው ይነድና ያንኳኳል ይላል። ዳገት! የእኔን መኪና አይቶ የጻፈው ነው የሚመስለው። ቤንዚናችንንም ታውቁታላችሁ። ማደያው ሲደርቅ የምንቀዳው መንገድ ዳር በሀይላንድ ተሰልፎ ከቆመው ነው። ምን እንደተቀላቀለበት ቀላቃዩና ፈጣሪ ያውቃሉ።

መካኒኩ ደሳለኝ እዚሁ ከተማ ውስጥ፣ ሜዳ ለሜዳ ነድቷት ተመለሰና «እማማ፣ እኔ ምንም አልሰማሁም» አለኝ።

ጆሮው ደህና እንዳልሆነ ገባኝ።

ጠርሙሷን ገዝቼ ጨመርኩ። በማግስቱ ከቡሬ በቆሎ ጭኜ ስመለስ፣ ያንን ሁሉ ዳገት ኮሽ የሚል ነገር የለም። የጻፍኩላችሁ ያን ዕለት ነው።

በቆሎው ከወረደ በኋላ ማንኳኳቱ ተመለሰ። ሌላ ጠርሙስ ጨመርኩ። ሁለተኛዋ ግን ምንም አላደረገች። ይህን አልጻፍኩላችሁም።

አሁን ወደ ይታይሽ ልምጣ።

ይታይሽ የአጥር ጎረቤቴ ናት። አብረን አርጅተናል። ከፋሲካ በኋላ የባሏን ተዝካር ስታወጣ የእድሩን ዕቃ ተዋሰች። ዕቃው ግምጃ ቤት ሲገባ ትልቁ ጭልፋ የለም። ጭልፋ ስል የቤት ጭልፋ እንዳይመስላችሁ። ብረት ነው፤ እጀታው የሰው ክንድ ያህላል፤ ጫፉ ቀይ ቀለም ተቀብቷል። የለቅሶ ወጥ ያለ እሱ ከእድሩ ትልቅ ድስት አይጨለፍም።

ደንባችን የታወቀ ነው። መጨረሻ የተዋሰ ይጠየቃል።

ይታይሽ መልሻለሁ አለች። እኔ አልተመለሰም አልኩ። ተኪ ስትባልም እምቢ አለች፤ ያልወሰድኩትን ብተካ ወስጃለሁ ማለት አይደለም ወይ ብላ። ያን ጊዜ እድሩ ፊት ተነሣሁ። እንደምታውቁኝ አልጮኽኩም። ቀስ ብዬ «ዕቃ እግር የለውም» አልኩና ተቀመጥኩ።

ከዚያ ወዲያ ይታይሽ በደጄ አላለፈችም።

እድሩም ቀጠሮ ሰጣት። እስከ መጪው እሑድ ጭልፋውን ካላመጣች ወይም ካልተካች ከአባልነት ትሰረዛለች። ለሌላ አገር ሰው ይኸ ቀላል ነገር ይሆናል። ልጆቿ ሩቅ ናቸው። ከእድር የወጣች መበለት ብትሞት ድንኳኗን የሚተክል ማን ነው?

ይህንን አውቅ ነበር። አውቄም በቃሌ ጸናሁ።

ዛሬ ጠዋት ቡሬ ለቅሶ ነበረብን። ሌላ መኪና ስላልተገኘ ይታይሽም ከእኔው ጋር ለመሄድ ተገደደች። ከሁለት የእድር ሴቶች ጋር ከኋላ ገብታ ጥግ ይዛ ተቀመጠች። ሰላምታዋ ለመኪናው ይሁን ለእኔ አልለየሁትም።

ማንኩሳን አልፈን ዳገቱን ስንይዝ ጀመረ። ቋ። ቋ። ቋ።

ሴቶቹ ተያዩ። እኔም መሪዬን እንደያዝኩ ስለ ኦክቴን አስተማርኳቸው። ቤንዚን እንዴት ያለ ጊዜው እንደሚነድ፣ መጨመሪያዋ እንዴት እንደምታበርደው፣ አንድ በአንድ። ይታይሽ ፊቷን ወደ መስኮቱ እንዳዞረች «ድምፁ የሚመጣው ከእኔ ወገብ በስተኋላ ነው» አለች።

«ሞተር ሲያንኳኳ መኪናው በሙሉ ነው የሚያስተጋባው» አልኳት።

እንዲህ ያለው ድፍረት ከየት እንደሚመጣልኝ እንጃ!

ዳገቱ አናት ላይ ስንደርስ ጎማ ተነፈሰ።

አንድ የጭነት መኪና ሹፌር አይቶን ቆመ፤ እግዜር ይስጠው። የኋላውን ዕቃ መጫኛ ከፈተ፣ ምንጣፉን ገለጠ፣ ስኮርታውን፣ ማለትም መጠባበቂያ ጎማውን ጎትቶ አወጣ። ከዚያ ጎንበስ አለና ከጉድጓዱ ውስጥ አንድ ረጅም ነገር መዘዘ።

«እማማ፣ ይኸ ከመኪናው ጋር የመጣ ነው?»

ጭልፋው ነበር። ቀይ ጫፉ ሳይቀር።

የተዝካሩ ዕለት ዕቃውን ከይታይሽ ቤት የጫነው ማን ነው? እኔ። ያወረደውስ? እኔው። ጭልፋው በምንጣፉ ጠርዝ ሾልኮ ስኮርታው ጎን ገብቶ ኖሯል። ዳገት ስወጣ ወደ ኋላ ይንሸራተትና ብረቱን ይደበድባል። በቆሎ ሲጫንበት ዝም ይላል። በቅሎው ላይ ተቀምጦ በቅሎዬን ያያችሁ እንዳለው ሰው፣ ሌባ ያልኩበትን ዕቃ ይዤ ነው አገር ያካለልኩት።

ከሴቶቹ አንዷ «ኧረግ» አለች።

ይታይሽ መጥታ ጭልፋውን ከሹፌሩ እጅ ተቀበለች። በነጠላዋ ጫፍ ጠረገችው። ትጮኻለች፣ ታለቅሳለች፣ ትረግመኛለች ብዬ ጠበቅሁ። እሷ ጭልፋውን አየች፣ እኔን አየች።

«ይኸ ነው ኦክቴን ያነሰው?»



«በድዬሻለሁ ይታይሽ» አልኳት። «እሑድ እድሩ ፊት ተነሥቼ እናገራለሁ።»

«ተናገሪ» አለች። ከዚያም ጨመረች። «ሳትጮኺ።»

ጎማው ተቀየረ። ይታይሽ ማንንም ሳታስፈቅድ ከፊት ገብታ ጭልፋውን እንደ በትረ መንግሥት አቁማ ያዘችው። ቀጣዩን ዳገት ስንወጣ መኪናዋ ጸጥ አለች።

አናቱ ላይ ስንደርስ ይታይሽ «ጥሩ ቤንዚን ነው» አለች።

ለቅሶ ቤት ስንገባ ሁለታችንም ፊታችንን በነጠላ ሸፍነን ትከሻችን ይንቀጠቀጥ ነበር። የቤቱ ሰዎች ኀዘን መስሏቸው ደግፈው አስቀመጡን። እግዚአብሔር ይቅር ይበለን።

ማታውን የመኪናዬን መመሪያ መጽሐፍ ከተቀመጠበት አወጣሁ። ተራ ቤንዚን ይበቃታል ይላል። ተራ ቤንዚን ለሚበቃው ሞተር ኦክቴን መጨመር ጉልበት አይሰጠውም። ከፍ ያለ ኦክቴን የሚጠይቅ ሞተር ያለው ሰው ጉዳዩ ሌላ ነው። የተበረዘ ቤንዚንንም ጠርሙሷ አታጠራውም፤ ንጹሑን ፈልጎ መቅዳት ነው። ይህን በሙሉ እምነት እነግራችኋለሁ።

ባለፈውም በሙሉ እምነት ነበር የነገርኳችሁ።

ደሳለኝን ስለ ጆሮው ይቅርታ እጠይቀዋለሁ። የድሮውን ፖስት ግን አላጠፋውም፤ ይቀመጥ፣ ስኮራ ያየኛል። እሑድ የምለውንም አዘጋጅቻለሁ። ዕቃ እግር የለውም ያልኩት ልክ ነበር፤ የእኔ ግን አራት ጎማ ነበረው።

እስኪ እናንተስ፣ ጣታችሁን ሰው ላይ ከመቀሰራችሁ በፊት ስኮርታችሁን አንሥታችሁ አይታችኋል?