መጽሐፌን የጻፈው ባሌ

ሴት መጽሐፍ ባሳተመች ቁጥር «ማን ጻፈልሽ?» የሚል ሰው እናንተ አገር የለም? እኛ ቴፒ ሞልቷል። ጫማ ስገዛ ግን «ማን ይሄድልሻል?» ያለኝ የለም።

የመጀመሪያ መጽሐፌ አዲስ አበባ ታትሞ በአውቶቡስ ሲመጣ፣ ካርቶኑን ያወረደልኝ ወዛደር ሳይቀር ጠየቀኝ። ሰለቸኝና «ባሌ ነዋ!» አልኩት። ባል የለኝም፤ የምኖረውም ብቻዬን ነው።

ከዚያ ወዲያ ሰው ሁሉ ይህን ባሌን ያየው ጀመር። ባለሱቁ «ትናንት ቡና እርሻው ውስጥ ቁጭ ብሎ ሲያስብ አየሁት፤ ጨዋ ሰው ነው» አለኝ። የቤተ ክርስቲያናችን ሽማግሌ ደግሞ «ጨበጥኩት እኮ፤ እጁ ግን እንዴት ይቀዘቅዛል!» አሉ።

በመጽሐፉ ምረቃ ቀን ከፊት ወንበር ያዙለት። መድረክ መሪው «ደራሲዋን ከመስማታችን በፊት፣ እንዴት እንደተጻፈ እስቲ እሳቸው ያብራሩልን» ብሎ ወደ ባዶው ወንበር ዞረ። ሰዉ አንገቱን አስግጎ አዳመጠ፤ ራሱን ነቀነቀ፤ በመጨረሻም አጨበጨበ። ለእኔ የተረፈ ሰዓት አልነበረም።

አመሻሽ ላይ፣ ካፊያ እየመታኝ ቤቴ ደረስኩ። ጎረቤቴ ከደጇ ሆና «ባልሽ ቀድሞሽ ገብቷል» አለችኝ። እውነትም መብራቱ በርቷል። የጽሕፈት መኪናዬ ቀጭ ቀጭ ይላል። ቆልፌው የወጣሁት በር ከውስጥ ተቀርቅሯል። አንኳኳሁ። ድምፁ ቆመ።

«ማን ነሽ?» አለኝ።

«ደራሲዋ ነኝ» አልኩ። ቀጭ ቀጩ ቀጠለ።

መሸብኝ፤ ዝናቡም በረታ። «ሚስትህ ነኝ» አልኩት።

ከፈተልኝ።