በጾም የቀለጠው ቅቤ

የእናት ጡት ወተት ከየት ይመጣል ብትሉኝ «ከእናት ነዋ!» ብዬ ባልፋችሁ ደስ ባለኝ። ነገሩ ግን እንዲህ ቀላል አይደለም። የደጋ አማት «ከቅቤ ነው» ትላለች። የሱማሌ አሮጊት «ከግመል ወተት» ትላለች። የመናዊው ዘይት ጨማቂ ደግሞ ግመሉን በመጭመቂያው ዙሪያ እያዞረ «ከሰሊጥ» ይላል። ሁሉም የየጓዳውን ያመሰግናል። እኔም በጅቡቲ የባቡር ዕቃ ቤት ጸሐፊ ሳለሁ ከቅቤ ወገን ነበርኩ፤ ያውም በድብቅ።

ጅቡቲ ያን ጊዜ ከቀትር በኋላ በሙሉ ትተኛለች። ባሕሩ ይተኛል፣ ጀልባዎቹ ይተኛሉ፣ ባቡሩ እንኳ ሲያፏጭ የሚቃዥ ይመስላል። በዚያ የሰመመን ሰዓት ባለቤቴ አስካለ በረንዳው ላይ ሰሌን አንጥፋ፣ ሦስት ወር ያለፋትን ልጃችንን ብርሃኔን ታጠባለች። ከአጥሩ ወዲያ ሱማሌዋ ጎረቤታችን ፋጡማም የብርሃኔን እኩያ ታጠባለች። እኔ በዓይኔ የልጄን ክንድ እመዝናለሁ። ክንዷ ቀጭን ነበር። የመጀመሪያ ልጃችንን አፈር አልብሰናልና፣ ያን ቀጭን ክንድ ባየሁ ቁጥር እፈራ ነበር።

ዐቢይ ጾም ገባ። የንስሐ አባታችን «ልጄ፣ የምታጠባ እናት ብትበላ ግድ የለም» ብለዋት ነበር። አስካለ ግን ይህችኛዋ ብትተርፍልኝ አንድ ቀን ሳልገድፍ እጾማለሁ ብላ ለእመቤታችን ተስላለች። እናቷ ከድሬዳዋ በባቡር የላኩትን አንድ ጣሳ ንጥር ቅቤ «ለፋሲካ» ብላ መደርደሪያ ላይ ሰቀለችው። እኔ ጣሳውን አያለሁ፤ የልጄን ክንድ አያለሁ፤ ደግሞ ጣሳውን አያለሁ።

በጅቡቲ ሙቀት ቅቤ እንደ ዘይት ይፈሳል። ሰይጣን ከዚህ በላይ ምን ይፈልጋል? አንድ ቀን እናትና ልጅ እንቅልፍ ሲወስዳቸው፣ አስካለ የጾም ወጥ ከምትሠራበት የሰሊጥ ዘይት ጠርሙስ ግማሹን ደፋሁና በቅቤ ሞላሁት። ጠርሙሱ ባነሰ ቁጥርም እደግመው ጀመር። ኮሰረቱና ኮረሪማው ቤቱን ሲያውደው፣ የሽንኩርቱ ሽታ ይሸፍንልኛል ብዬ ነበር። ወንድ ልጅ ጓዳ ሲገባ አፍንጫውን ደጅ ትቶ ነው።

ስለቷን ማፍረሴ ግን ቆረቆረኝ። ማካካሻ ይሁነኝ ብዬ ውሃውን እኔ ቀዳሁ፣ የልጅቷን ጨርቅ እኔ አጠብኩ። አስካለ ከባሕር በሚመጣው ነፋስ እስክትጠግብ ተኛች፤ ልጅቷም ጡቷን እንደያዘች ዋለች። ጾሙ ሳይጋመስ የብርሃኔ የእጅ አንጓ ክር የታሰረበት ይመስል እጥፋት አወጣ። እኔም በልቤ «ይኸው ቅቤ!» አልኩ።

የፋሲካ ዕለት ጣሳው ሲወርድ ባዶ ሆነ። ሆድ ሲያውቅ ዶሮ ማታ ነውና ከዚያ በላይ መደበቅ አልቻልኩም፤ ሁሉንም ዘረገፍኩት። አስካለ አልተቆጣችም።

«የመጀመሪያውን ቀን የዘይቱን ጠርሙስ ክዳን ስከፍት ነው ያወቅሁት» አለች። «የእናቴ ቅቤ ሽታ ሊጠፋኝ ኖሯል? ጠርሙሱን ለፋጡማ ሰጠኋት፤ እሷም የሰሊጥ ዘይቷን ሰጠችኝ። እርስዎ በሞሉ ቁጥር ስንለዋወጥ ከረምን።»

«ታዲያ ምነው ዝም አልሽኝ?»

«ብናገር ውሃውን ማን ይቀዳልኝ ነበር?»

አፍሬ ወደ በረንዳው ወጣሁ። ከአጥሩ ወዲያ የፋጡማ ልጅ እንደኔዋ ወፍራ ተኝታለች። አንዷን ሰሊጥ፣ አንዷን ቅቤ አሳደጋት። እናት የበላችው ቅባት ዓይነቱ ወደ ወተቷ ይገባል፤ ከምግቧ ቢጎድል ግን ገላዋ ካስቀመጠው እያወጣ ይሰጣል ብሎ አንድ ሐኪም የነገረኝ ከብዙ ዓመት በኋላ ነው። ያን ቀን የገባኝ አንድ ነገር ብቻ ነበር፤ ልጄ ትተርፋለች። ደስታው እንባ አመጣብኝ።

ዓይኔን ሳብስ ፋጡማ ባዶውን ጠርሙስ ይዛ አጥሩ ላይ ብቅ አለች።

«የአስካለ ባል» አለችኝ፣ «ጾማችሁ ደግሞ መቼ ነው የሚገባው?»