ከተማችን ለክላሲካል ሙዚቃ ያሳየችው ፍቅር

ከተማችን የክላሲካል ሙዚቃ አፍቃሪ መሆኗን ያረጋገጥኩት እኔ ነኝ። የኪነ ጥበብ ሳምንት ኮሚቴው በሪፖርቱ ስሜን ቢረሳም ለታሪክ ይመዝገብልኝ።

የኪነ ጥበብ ሳምንቱ ሲቃረብ አክስቴ የክላሲካል ኮንሰርቱ ትኬት መሸጫ መስኮት ጋ ተቀምጣ ሹራብ ትሠራ ነበር። ሹራቡ አለቀ፤ ትኬቱ አልተነካም። እኔን ያንገበገበኝ ግን በኮንሰርቱ የሚጫወተው የታላቅ ወንድሜ ነገር ነው። ቼሎ የሚባለውን፣ ሰው የሚያክል ቫዮሊን ይጫወታል። ዓመቱን ሙሉ ሽንት ቤት ገብቶ እየቆለፈ ሲለማመድ፣ እኛ በር ላይ እግራችንን አጣምረን የታገስነው አንድ ቀን ሰው ፊት ይጫወታል ብለን ነው።

ታዲያ አክስቴ መስኮቱን ለእኔ ትታ ወጣ አለች። እኔም ራበኝ። «ምሳ ሄጃለሁ» የሚል ጽሑፍ ስላጣሁ፣ ያገኘሁትን «ትኬት የለም» የሚለውን ሰቅዬ ሄድኩ።

ስመለስ ሰልፉ መንገድ ተሻግሯል።

«እንዴት የለም? ለእነማን ተሰጥቶ ነው?» ይጮኻል የባንኩ ሥራ አስኪያጅ።

«ጋሼ፣ ሙዚቀኞቹ ምን እንደሚጫወቱ ያውቃሉ?»

«እሱን ከገባሁ በኋላ እጠይቃለሁ! ጎረቤቴ ገብቶ እኔ ልቀር ነው?»

ጽሑፉን ሳላወርድ በሹክሹክታ መሸጥ ጀመርኩ።

ክቡር የኮሚቴው ሰብሳቢ አስቸኳይ ስብሰባ ጠርተው፣ «ያልተጠበቀ፣ ነገር ግን በዕቅዳችን የተካተተ ፍላጎት ተከስቷል» አሉ። ወንበሩ አለቀ፤ መተላለፊያው ተሸጠ፤ መድረኩ ላይ ለክብር እንግዶች ሶፋ ተደረደረ።

«ሙዚቀኞቹስ የት ሊሆኑ ነው?» አለች አክስቴ።

«እሱ ቴክኒካዊ ጉዳይ ነው» ብለው ስብሰባውን በጭብጨባ ዘጉ። ዘበኛውንም ያለ ትኬት ዝንብ እንዳታስገባ አሉት።

በዕለቱ ወንድሜ ከጓደኞቹ ጋር፣ ጫማውን ወልውሎ፣ በሩ ላይ ደረሰ።

«ትኬት?» አለ ዘበኛው።

«የምንጫወተው እኮ እኛ ነን!»

«ዛሬ እንዲህ ያላለኝ የለም።»

«ቼሎውን አታየውም እንዴ?»

«አየሁት እንጂ። ለእሱም ለብቻው ትኬት ያስፈልገዋል።»

ውስጥ ሕዝቡ የክብር እንግዶቹን፣ የክብር እንግዶቹም ሕዝቡን እያዩ በጨዋ ደንብ ተቀምጠዋል። አንዱ ሳል አመለጠው፤ ተጨበጨበለት። ሰብሳቢው ተነሥተው፣ «እንዲህ ያለ ጥልቅ ሙዚቃ ሰምቼ አላውቅም» አሉ። የባንኩ ሥራ አስኪያጅ እንባውን ጠረገ፤ ጎረቤቱም አይቶ፣ እንዳይበለጥ፣ ስቅስቅ ብሎ አለቀሰ።

የምሥራቹን ልነግር እየሮጥኩ ወጣሁ። ወንድሜ ደረጃው ላይ ቼሎውን ታቅፎ ተቀምጧል።

«አዳራሹ ጢም ብሏል!» አልኩት። «እስኪ እኔ ባልኖር ማን ይመጣ ነበር?»

ቀና ብሎ እንኳ አላየኝም።

«አንቺ ባትኖሪ እኔ እገባ ነበር።»